አክተር አይሞትም

መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኗል፤ በሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ደጅ፣ ከግድግዳው የተደገፈች ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱን ፕሮግራም በጠመኔ ታስነብባለች፦ 8 ሰዓት «ኮማንዶ»፣ 10 ሰዓት የህንድ ፊልም። በር ላይ የቆመው ጎረምሳ ሃምሳ ሳንቲም እየተቀበለ የሚገባውን ሰው መዳፍ በእስክሪብቶ ይጭርበታል፤ ለሽንት ወጥቶ የሚመለሰው ሳይከፍል ሊሾልክ ከሚሞክረው የሚለየው በዚያች ጭረት ነው። ውስጥ፣ ከባሕር ዛፍ አጣና በተመታ አግዳሚ ላይ፣ ተማሪው፣ ሊስትሮው፣ የአውቶቡስ ረዳቱ፣ በርበሬውን ሸጦ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት «እስቲ ልየው» ብሎ ዱላውን እንደያዘ የገባው ገበሬ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል። ሁሉም ያፈጠጡት ከረጅም ሣጥን ላይ በተቀመጠች አንዲት ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ዘመኑ 1990ዎቹ ነው። ቦታው ፍኖተ ሰላም ይሁን፤ ቡሬም፣ ጅጋም፣ ደምበጫም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በቪዲዮ ቤት ፊልም ዝም ተብሎ አይታይም። ጠላት ከዛፍ ጀርባ ብቅ ሲል «ከኋላህ ነው! ዙር!» የሚል ጩኸት ቤቱን ያናውጠዋል። አርኖልድ ሽዋዚንገር እንግሊዝኛ ቢናገር፣ አሚታብ ባቻን ሂንዲ ቢናገር የሚጨነቅ የለም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ልጅ የሚመጣውን ሁሉ ከፊት አግዳሚ ሆኖ ይተርካል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ «ዝም በል፣ አታበላሸው!» ይለዋል። አንዱን ሕግ ግን ሁሉም ያውቀዋል፦ አክተር አይሞትም። በዚህ ቤት ቋንቋ «አክተር» የሚባለው ዋናው ሰውዬ ብቻ ነው፤ ጥይት ቢዘንብበትም፣ ከገደል ቢወረወርም ፊልሙ እስኪያልቅ ይተርፋል። ድንገት ድርግም ብሎ «መብራት ሄደ!» ሲባል ፉጨቱ ይቀልጣል። ከፊሉ ገንዘቡን ይጠይቃል፤ ከፊሉ ጭረቱ ከመዳፉ ሳይለቅ ነገ ተመልሶ የቀረውን ሊያይ ይስማማል።

ፊልምን በሲኒማ ቤት ማየት ይሻላል ወይስ በቤት የሚለው ክርክር በሌላው ዓለም ብዙ ዓመት አስቆጥሯል። ክርክሩ ግን ሁለቱም በእጁ ላለ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ባለ ትልቅ ስክሪን አዳራሽ፣ ሳሎኑ ውስጥም ጥሩ ቴሌቪዥንና የማይቆራረጥ መብራት ላለው። በምዕራብ ጎጃም ነገሩ በሌላ መንገድ መጣ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 2.1 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከ10 ሰው 9ኙ የገጠር ሰው። የዞኑ መዲና ፍኖተ ሰላም 26 ሺህ፣ ቡሬ 20 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። በእነዚህ ከተሞች ላደገ አንድ ትውልድ ሲኒማ ቤት ማለት ያ ጨለማ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ «በቤት ማየት» ማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጎረቤት ቤት ማየት ነበር። በሁለቱም ቦታ ሰው ብቻውን አልነበረም። ዛሬ ሁለቱንም እየተካ ያለው ስልክ ነው፤ በስልክ ደግሞ ሰው የሚያየው ለብቻው ነው።

ፊልም ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት አልዘገየም። የሉሚየር ወንድማማቾች በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያውን የሚከፈልበት ትርዒት ካሳዩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አዲስ አበባ ደርሶ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ታይቷል። ከከተማዋ የመጀመሪያዎቹ የፊልም ማሳያዎች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ ያየ ሁሉ የእግዜር ሥራ አልመስለው ብሎ። ስሙ ከሰፈሩ ጋር ተጣብቆ ለብዙ ዘመን ቆየ። ከዚያ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ አምፒር፣ አምባሳደር፣ መርካቶ ላይ ሲኒማ ራስ ተከታተሉ። ግን ሁሉም እዚያው አዲስ አበባ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምርና የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ሲሠራ፣ ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ርቃ ለምትገኘው ፍኖተ ሰላም ሁለቱም የሩቅ ወሬ ነበሩ።

ለጎጃም ገጠር ከምስል በፊት የደረሰው ድምፅ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የባለታሪኩ የበዛብህ ወላጆች የኖሩባት ማንኩሳ ይህችው ናት። ልቦለዱን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ፣ ፊደልም ያልቆጠረ ገበሬ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤቱ አወቃቸው። በመንደሩ ሬዲዮ ያለው አንድ ሰው ከሆነ ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ሬዲዮው ለሌላ ነገር አይከፈትም፤ የደከመው ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ማታ ለትረካው ይደርሳል። መደቡ ላይ አዛውንቱ፣ ምድጃው አጠገብ ሴቶቹ፣ በር ላይ ልጆቹ ሆነው አንድ ድምፅ ይሰማሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ይሥቃሉ፣ በዛብህ ሲሠቃይ ከንፈር ይመጣሉ። ለአገሩ የመጀመሪያው ሲኒማ ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስክሪኑ በያንዳንዱ ሰው ሐሳብ ውስጥ ነበር እንጂ። ኢቢሲ በ2017 ዓ.ም. አካባቢ ልቦለዱን በተከታታይ ድራማ ሠርቶ ሲያቀርበው የቀድሞዎቹ አድማጮች ተዋንያኑን የመዘኑት ወጋየሁ በጆሯቸው ከሣለላቸው መልክ ጋር ነው።

ቪዲዮ ቤት የመጣው ቴክኖሎጂው ስለረከሰ ነው። እውነተኛ ሲኒማ ቤት ትልቅ አዳራሽ፣ ውድ ማሳያ ማሽን፣ በየጊዜው የሚመላለስ የፊልም ጥቅልና የማሽን ባለሙያ ይፈልጋል። ቪዲዮ ቤት የፈለገው አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት ካሴትና የተከራዩት ክፍል ብቻ ነው። ካሴቱ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ይመጣል፤ ቡሬ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ነቀምት የሚወስዱት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናትና ዕቃም ወሬም ቶሎ ይደርሳታል። ካሴቱ ሲያረጅ ምስሉ በረዶ ይዘንብበታል፤ ዴኩ ቴፑን ሲበላ ባለቤቱ በጥፍሩ ፈልቅቆ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ፍላሽ። የውጭ ፊልሞችን አንድ ሰው በአማርኛ እየተረከ የሚያቀርብባቸው «ትርጉም ፊልሞች» ሲመጡ ደግሞ ከፊት አግዳሚ ተቀምጦ ይተርክ የነበረው ልጅ ሥራ ፈታ።

ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ «ሰይጣን ቤት» ያለችውን ነገር የትናንሽ ከተሞች ወላጆችና መምህራን በቪዲዮ ቤት ላይ ደገሙት። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከፍኖተ ሰላሙ ዳሞትም ሆነ ከቡሬው ሽኩዳድ ትምህርት ቤት የፎረፈ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነበር። አንዳንዱ ባለቤት ከመሸ በኋላ ለልጅ የማይሆን ፊልም ያሳይ ነበር። ቪዲዮ ቤት ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር መጠራት ጀመረ፤ አሰሳ በተደረገ ቁጥርም አብሮ ተዘጋ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጉድለቱ ግን ብዙ ያልተነገረለት ነው። ያ አግዳሚ የወንድ ነበር። የሰፈሩ ሴት ልጅ ወደዚያ ጨለማ ብትገባ ስሟ በማግስቱ ገበያ ላይ ይውላል። እናት አትገባም፤ ጠላ የምትሸጠዋ፣ ውኃ የምትቀዳዋ፣ ክፍል ውስጥ አንደኛ የምትወጣዋ አትገባም። ስለዚህ «የጥንቱ ቪዲዮ ቤት ፍቅር» ሲወራ የከተማው ግማሽ ያልነበረበት ፍቅር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ለሴቶች ፊልም የመጣው በሌላ በር ነው።

ያ በር የጎረቤት ቤት በር ነበር።

ቴሌቪዥኑ ከሳሎኑ ቁም ሣጥን ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ቤተኛ ያልሆነ ልጅ እግሩን ታጥቦ ይግባ ይባላል፤ ከገባም ቦታው ወለሉ ነው። ደጅ በረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ላይ አንቴና ታስሯል፤ ምስሉ ሲጠፋ የቤቱ ትልቅ ልጅ ወጥቶ ግንዱን ያሽከረክራል።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ! መጣ! ተወው፣ እዚያው!»

እጁን ከግንዱ ሲያነሣ ምስሉ ተመልሶ ይሄዳል። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሲተላለፍ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በየሳሎኑ የተጠላ፣ ግን ሁሉም ሊያየው የሚጓጓለት ሰው ሆነ። እትዬ እገሌ ቡናዋን ሰዓቱን ቆጥራ ታፈላለች፤ ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ባዶ እጁን ላለመምጣት ቆሎ ወይም ዳቦ ይይዛል። በፋሲካ ዋዜማ ስለ ጌታ ሕማም የተሠሩ የውጭ ፊልሞች ሲታዩ ደግሞ ሳሎኑ የቤተ ክርስቲያን ያህል ጸጥ ይላል፤ አሮጊቶቹ በየመሐሉ ያማትባሉ። ይህ በቤት ማየት ነው? አዎ። ግን 20 ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ አንድ ላይ ተቆጥቶ፣ አንድ ላይ ሥቆ የሚያይበት ቤት ከሲኒማ ቤት የሚለየው ምናልባት ቲኬት ባለመቁረጡ ብቻ ነው።

ዲሽ ሲመጣ አንቴናው ከግንዱ ወረደ። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም.፣ ቃና ደግሞ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመሩ። ቃና የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየቀየረ አቀረበ፤ አማርኛ የሚናገሩ የኢስታንቡል አፍቃሪዎች የቡሬን ሳሎን ወረሱት። በአዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙ። የአገር ውስጥ ተዋናይ ሥራ ያጣል፣ ባህል ይበረዛል፣ በርካሽ የተገዛ ምርት በብዙ ድካም የተሠራውን ይገፋል አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነበረበት። በወቅቱ የአማርኛ ፊልም በዓመት ወደ መቶ የሚጠጋ አዲስ ሥራ እያወጣ፣ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችን በራሱ ተመልካች እየሞላ ነበርና። ይሁን እንጂ ከጎጃም ሆኖ ለሚያይ ሌላም ገጽታ አለው። በትንሽ ከተማ ያለች እናት በየዕለቱ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ማንም «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» ሳይላት ረጅም ታሪክ ተቀምጣ የማየት ዕድል ያገኘችው በዚያን ጊዜ ነው። የአማርኛው ፊልም ሰዎች እሷን ሊያገኟት የሚችሉበት አዳራሽ በከተማዋ አልነበራቸውም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው የሳተላይት ማሰራጫ ሲዞሩ የየከተማው ዲሽ አስተካካይ ለወራት ፋታ አላገኘም። ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ «ታየ?» ብሎ የሚጮኸው ድምፅ ከአንቴናው ዘመን ጩኸት ጋር አንድ ነው።

ቪዲዮ ቤቱስ? አልጠፋም፤ ሥራ ቀየረ። አግዳሚው ወደ ፕላስቲክ ወንበር፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ሰፊ ፍላት ስክሪን፣ ዴኩ ወደ ዲኤስቲቪ ዲኮደር ተለወጠ። ሰሌዳው ላይ አሁን በጠመኔ የሚጻፈው አርሰናልና ማንችስተር ነው። እግር ኳስ አብሮ ካልታየ አይጥምም፤ ጎል ሲገባ የሚታቀፍ ሰው ያስፈልጋል። ፊልሙ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ኪስ ሲገባ ኳሱ አዳራሹን ወረሰ። በዚያ ቤት አሁንም ሴት ልጅ ብዙ አትታይም።

ወደ ኪስ የገባበት መንገድ በገበያ ቀን ይታያል። ከዋናው መንገድ ዳር፣ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር በተሰቀለበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ወጣት ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች፣ ከወምበርማ፣ ከቋሪት የመጡ ወጣቶች ስልካቸውን ከሻሽና ከላስቲክ ፈትተው ይሰጡታል። «ሚሞሪ አስጭኑ» ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት። የሚጫነው የጎጃም ዘፈን ነው፣ ትርጉም ፊልም ነው፣ የአማርኛ ፊልም ነው፣ ኮሜዲ ነው፤ ዋጋው በጊጋባይት ወይም በፊልም ቁጥር ይቆረጣል። አንዱ ያስጫነውን ለሌላው በሼር-ኢት ወይም በዜንደር ያለ ኢንተርኔት ያካፍለዋል። አንድ ፊልም ቅዳሜ ከከተማ ተነሥቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌውን ያዳርሳል።

መብራት ያልገባበት ቤት ጣሪያ ላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አለች፤ ሌሊት መብራት ታበራለች፣ ስልክ ትሞላለች። እረኛው ከብቶቹን ወደ መስክ አሰማርቶ ከዋርካ ሥር ቁጭ ሲል ስልኩን ከጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ፀሐዩ ስክሪኑን ስለሚያበራበት ጋቢውን ከራሱ በላይ ይጥለዋል። አያቱ ቡሬ ቪዲዮ ቤት ለመግባት በርበሬ መሸጥ ነበረባቸው፤ አባቱ የጎረቤት ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ለእሱ ጨለማውን የሚሠራለት ጋቢው ነው። ከዓለም ሲኒማ ሁሉ ትንሹ አዳራሽ ያ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ፍኖተ ሰላምና ስለ ቡሬ ሲጻፍ ያለፉትን ዓመታት ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሕዝባዊ ስብሰባ ተገደበ፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋረጠ። አዋጁ ካበቃም በኋላ ግጭቱ አላበቃም። ማታ ደጅ መውጣት በሚያስፈራበት ከተማ ስለ ፊልም አዳራሽ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አይፈረድበትም። ግን በእነዚያ ወራት ሰው በቤቱ ተዘግቶ ያመሸው ምን እያደረገ ነበር? ዩቲዩብ ጠፍቶ፣ ቀድሞ የተጫነ ሚሞሪ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ አንድ ፊልም ተደጋግሞ እየታየ ነበር። የሰው ልጅ ከጭንቀቱ መሐል ለአንድ ሰዓት የሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ መግባት ይፈልጋል።

በክልሉ ገጠር ግን አንድ ዓይነት የጋራ ፊልም ብዙም ሳይወራለት ሠርቶ ያውቃል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴርና ከሌሎች አጋሮች ጋር አጫጭር የግብርና ፊልሞችን አዘጋጅቶ በመዳፍ በምትያዝ፣ በባትሪ በምትሠራ ፕሮጀክተር ለገበሬዎች አሳይቷል። የልማት ሠራተኛው ፕሮጀክተሯን በቦርሳው ይዞ ይመጣል። የአንዱ ገበሬ ቤት ግድግዳ ወይም የተወጠረ ነጭ ጨርቅ ስክሪን ይሆናል። በፊልሙ የሚታየው የሆሊውድ ሰው አይደለም፤ እንደ ተመልካቹ ያለ ገበሬ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ጤፍን በመስመር እንዴት እንደሚዘራ ያሳያል። ሠራተኛው በየመሐሉ እያቆመ ይጠይቃል፤ ገበሬው ይከራከራል፤ «የእኛ መሬት እንዲህ አይደለም» ይላል፤ ሌላው ይመልስለታል። በአራት ክልሎች ከ300 በላይ ቀበሌዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ይህ ዘዴ ከተለመደው የቃል ምክር ይልቅ ለብዙ ገበሬ እንደሚደርስ፣ ገበሬውም ትምህርቱን የበለጠ እንደሚረዳውና እንደሚሠራበት አሳይቷል።

ውጤቱ የፊልሙ ብቻ አይመስልም። ገበሬው ያንኑ ቪዲዮ ለብቻው በስልኩ ቢያይ ኖሮ የሚጠይቀውም የሚከራከረውም አይኖርም ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ «ዙር! ከኋላህ ነው!» እያለ ይጮህ የነበረው ወጣትና ፕሮጀክተሯ ፊት «የእኛ መሬት እንዲህ አይደለም» የሚለው ገበሬ አንድ ነገር እያደረጉ ናቸው፤ ያዩትን ከሌላ ሰው ጋር እየመከሩበት ነው።

ለአዳራሽ ተብለው የተሠሩ ፊልሞች ደግሞ አሉ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ከነዚህ አንዱ ነው። ከጀርመን ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ፣ ወደ ጣና ዳርቻ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ ይተርካል፤ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። ሐይቁ፣ ጉሙ፣ ደብተራው፣ ወጣት ለጦርነት የሚታፈስበት መንደር፣ ልጇን አጥታ የምታለቅስ እናት፤ ይህን ሁሉ የምዕራብ ጎጃም ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። መዳፍ በሚያህል መስታወት ላይ ግን ጉሙ ጉም አይመስልም፤ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በጸጥታው ውስጥ ያለው ድምፅ በስልኩ ቀጭን ስፒከር አይወጣም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አሸንፏል። ስለ ጠለፋ ነው፤ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ስለቆመችበት እውነተኛ ጉዳይ። ሴት ልጅን በልጅነቷ መዳር ለዘመናት ሲሠራበት በኖረ አገር ይህን ፊልም እናትና ልጅ፣ አባትና የሰፈር ሽማግሌ አንድ ላይ ተቀምጠው ቢያዩት ከቤት እስኪደርሱ የሚነጋገሩበት አያጡም። ልጅቷ ብቻዋን በብርድ ልብስ ሥር በስልኳ ብታየው ግን የምትነጋገረው ከማን ጋር ነው?

በአዳራሽ ማየት ለሚፈልግ ሰው አንዱ አማራጭ የባሕር ዳሩ የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ነው። ከፍኖተ ሰላም 176 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን እንኳ ለአንድ ፊልም ተብሎ የሚሄዱት አይደለም።

በቤት ማየትን የሚነቅፍ ሰው ሳሎኑ ለእናቶች ምን እንዳደረገላቸው ይመልከት። ስልኩንም የሚነቅፍ ሰው መብራት ከሌለበት ቀበሌ ያለውን እረኛ ያስብ፤ ለእሱ ከዚህ በፊት ምንም አልነበረውምና። ሁለቱም ይኑሩ። የጎደለው ሦስተኛው ነው፦ ሴትም ወንድም፣ ልጅም አዛውንትም ሳያፍር የሚገባበት፣ ብርሃን ባለበት በር ተገብቶ ጨለማው ውስጥ የሚቀመጡበት የጋራ ቦታ። ቪዲዮ ቤት ግማሹን አድርጎት ነበር፤ ግማሹን ከደጅ አስቀርቶ።

ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። የትኛውም የወረዳና የከተማ አስተዳደር የስብሰባ አዳራሽ አያጣም። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ ቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት፤ በሁለቱም ፕሮጀክተር አይጠፋም። የሚያስፈልገው አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ነጭ ጨርቅ፣ ሁለት ስፒከር፣ መብራት ሲሄድ የሚነሣ ጄኔሬተርና ፊልሙን ከባለቤቱ በሕግ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። ሰዓቱም ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን፤ ሴት ልጅ ሳይመሽባት ቤቷ እንድትገባ፣ ከገጠር የመጣውም የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠው። የፊልም ሠሪዎቻችንም ሥራቸው ዩቲዩብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ቀን ወደ እነዚህ ከተሞች ይዘውት ይምጡ፤ ታሪኩን የወሰዱት ከዚህ አገር ሰው ነውና።

የሁለቱ ከተሞች ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ኮሌጁና ካምፓሱ፣ ሰው ያለ ሥጋት ከቤቱ የሚወጣበት ቀን ሲመጣ በመጀመሪያው እሑድ አዳራሹን ይክፈቱት። የፊት ወንበሮቹንም ለእናቶች ይተዉላቸው።